ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ትልልቅ ነጭ ክሪስታል ከየት መጣ? ማግማ ሲቀዘቅዝ ክሪስታል የሚሰራበት መንገድ

ሰላም መምህር። ጥያቄዎን ለሌላው አንባቢ ባጭሩ ልድገመው። መማሪያ መጽሐፉ "ማግማ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ትልልቅ ክሪስታል፣ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ትንንሽ ክሪስታል ይሰራል" ይላል፣ ማግማ ማለት ከመሬት በታች ያለ የቀለጠ ድንጋይ ነው። አንድ ተማሪዎ ደግሞ ከጣርማበር መንገድ ዳር ጥቁር ድንጋይ አምጥቶልዎታል፣ ጥቁሩ ክፍል በዓይን የሚታይ ቅንጣት የለውም ግን መሀል መሀሉ ላይ ጥፍር የሚያክሉ ነጫጭ ነገሮች ተሰክተውበታል፣ ልጁም "ታዲያ ይሄ ቶሎ ነው የቀዘቀዘው ወይስ ቀስ ብሎ?" ብሎ ጠየቀ። እርስዎ ደግሞ ከዛ ላይ "ባልጩትስ ለምን ጭራሽ ክሪስታል የለውም?" የሚል ጨመሩበት፣ ባልጩት ማለት ኦብሲዲያን የሚባለው የተፈጥሮ መስታወት ነው። ልጁ ያየው ነገር በጣም ትልቅ ነገር ነው፣ እኛ ፔትሮሎጂ (የድንጋይ አፈጣጠር ጥናት) የምንሰራ ሰዎች ዕድሜያችንን ሙሉ የምንለፋው እኮ እንዲህ አይነቱን ድንጋይ ለማንበብ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

አጭሩ መልስ፣ ነጮቹ ነገሮች እውነተኛ ፌልድስፓር (ከማግማ የሚሰራ ማዕድን) ከሆኑ ድንጋዩ ሁለቱንም አሳልፏል ነው። መጀመሪያ ከመሬት በታች ቀስ ብሎ ቀዘቀዘና ነጮቹን አሳደገ፣ ከዛ ክሪስታሎቹን እንደያዘ ፈንድቶ ወጣና የቀረው ፈሳሽ ላይ ላዩን ቶሎ ጠጠረ። "ከሆኑ" ያልኩት ሌላም ነገር ሊሆኑ ስለሚችሉ ነው፣ እሱን ወደ በኋላ እንዴት እንደምትለዩ እነግርዎታለሁ።

አሁን ለምን እንደዚህ እንደሚሆን። የመጽሐፉ ዓረፍተ ነገር ውሸት አይደለም፣ ግን መሀል ላይ አንድ ነገር ዘሏል። የክሪስታል መጠን በቀጥታ የሚወሰነው ስንት የክሪስታል ዘር ተፈጠረ እና እያንዳንዱ ዘር በምን ፍጥነት አደገ በሚሉት ሁለት ነገሮች ነው፣ ቅዝቃዜው የሚሰራው በነዚህ በኩል ነው። ማግማ ማለት ሲሊከን፣ ኦክስጅን፣ አሉሚኒየም፣ ብረት፣ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ሶዲየም ምናምን ተደባልቀው ያለ ስርዓት የሚንቀሳቀሱበት ፈሳሽ ነው፣ ሙቀቱ ሲወርድ አተሞቹ ተሰብስበው በስርዓት መደርደር ይጀምራሉ። ችግሩ የመጀመሪያው ጥቅል በጣም ከማነሱ የተነሳ አብዛኞቹ አተሞቹ ጠርዝ ላይ ናቸው፣ ጠርዝ ላይ ያለ አተም ደግሞ በሁሉም በኩል አልታሰረም፣ ስለዚህ ጥቅሉ ገና ከመሰራቱ መልሶ ይፈርሳል። የተወሰነ መጠን ካለፈ ብቻ ነው ከመፍረስ ይልቅ ማደግ የሚቀለው። ያንን መጠን ለማለፍ ማግማው ክሪስታል መስራት ከሚችልበት ሙቀት ትንሽ ወረድ ማለት አለበት። ጥቂት ዲግሪ ብቻ ከወረደ ዘሮቹ በጣም ጥቂት ናቸው፣ ያሉት ግን ምግቡን ሁሉ ብቻቸውን ስለሚያገኙ ትልልቅ ይሆናሉ። ብዙ ዲግሪ በአንዴ ሲወርድ በየቦታው ሚሊዮን ዘር ይፈነዳል፣ ሁሉም እኩል ይሻማና ማናቸውም ሳያድጉ ፈሳሹ ያልቃል። ከዛም በላይ ከወረደ ፈሳሹ ስለሚወፍር አተሞቹ መንቀሳቀስ ያቅታቸውና ዘርም ዕድገትም ይቆማል፣ ያኔ የምናገኘው መስታወት ነው። ማር ላይ ይሄንኑ ማየት ይቻላል፤ ሞቅ ያለ ቦታ የተቀመጠ ማር ለብዙ ጊዜ ሳይረጋ ይቆያል፣ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን ቶሎ ይረጋል፣ ፍሪዘር ውስጥ ከገባ ግን ብርዱ እንደዛ በዝቶም አይረጋም ምክንያቱም ስኳሩ ተንቀሳቅሶ መገናኘት አይችልም።

ስለዚህ "ቀስ ብሎ ቀዘቀዘ" ስንል ማግማው ረጅም ጊዜ ዘር በሚያንስበትና ዕድገት በሚቻልበት የሙቀት ክልል ውስጥ ቆየ ማለታችን ነው። ጊዜ መስጠቱ ብቻ አይደለም ዋናው፣ የዘሩ ቁጥር ማነሱም ነው። ይሄ ለተማሪዎቹ በደንብ ቢነገራቸው ደስ ይለኛል ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚህ ይወጣል።

እሺ "ቀስ" ማለት ስንት ነው? ሙቀት አለት ውስጥ የሚሄድበትን ፍጥነት ስለምናውቅ በደብተር ማስላት ይቻላል። የመቀዝቀዣው ጊዜ በርቀቱ ስኩዌር ነው የሚጨምረው፣ ማለትም ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። ከጠርዙ እስከ መሀሉ 1 ሜትር የሆነ የማግማ አካል ሙቀቱን ለማውጣት የሚፈጅበት ጊዜ 12 ቀን ገደማ ነው፣ 10 ሜትር ከሆነ 3 ዓመት፣ 100 ሜትር ከሆነ 300 ዓመት፣ 1 ኪሎ ሜትር ከሆነ ደግሞ 30,000 ዓመት አካባቢ። ይሄ ሻካራ ግምት ነው፣ ውሃ ስንጥቁ ውስጥ ከገባ ያፈጥነዋል፣ አዲስ ማግማ ከስር ከተጨመረ ያዘገየዋል፣ ግን ከመሬት በታች በትልቅ አካል የሚቀዘቅዘው ግራናይት ለምን ቅንጣቱ በዓይን እንደሚታይና መሬት ላይ ፈስሶ ቶሎ የጠጠረው፣ መንገድ ላይ የምናነጥፈው የባዛልት ኮብልስቶን ለምን ጥቁር ብቻ ሆኖ እንደሚታይ ከዚህ ቁጥር መረዳት ይቻላል።

በተግባርም ታይቷል። ሃዋይ ውስጥ ኪላዌያ ኢኪ የሚባለው ጉድጓድ በ1959 እ.ኤ.አ. ፈንድቶ ከ100 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው የላቫ (መሬት ላይ የወጣ ማግማ) ሐይቅ ሞላበት፣ የአሜሪካ ጂኦሎጂ ሰርቬይ ሰዎችም ላዩ ከጠጠረ በኋላ ቅርፊቱ ላይ ቆመው እየቆፈሩ በየጊዜው ሳምፕል ያወጡ ነበር፣ ውስጡ ሙሉ በሙሉ እስኪጠጥር 35 ዓመት ገደማ ነው የፈጀው፣ ከላይ ካልነው 300 ዓመት ያነሰው ሐይቁ ከላይም ከታችም ስለሚቀዘቅዝና ውሃም ስንጥቁ ውስጥ ስለገባ ነው። እዛው አጠገብ ማካኦፑሂ ላይ በ1965 የተፈጠረውን የላቫ ሐይቅ ሳምፕል ይዘው ደግሞ ፕላጂዮክሌዝ የተባለው ፌልድስፓር በዓመት ስንት እንደሚያድግ ለኩ፣ ከ0.02 እስከ 0.03 ሚሊ ሜትር አካባቢ። እስቲ ይሄንን ይዘው ወደ ልጁ ድንጋይ ይምጡ፦ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክሪስታል በዚህ ፍጥነት ለማደግ ከ300 እስከ 500 ዓመት ይፈልጋል፣ ጥልቅ ቦታ ያለ ማግማ ውስጥ ዕድገቱ ከዚህም ሊያንስ ስለሚችል ጊዜው ከዚህም ሊረዝም ይችላል። አየር ላይ የፈሰሰና ጥቂት ሜትር ውፍረት ያለው ላቫ ደግሞ ያንን ያህል ጊዜ አይኖረውም። ስለዚህ ነጩ ክሪስታል ላቫው ከመፍሰሱ በፊት ነው የተሰራው፣ ሌላ አማራጭ የለውም። እንዲህ አይነቱን ድንጋይ ፖርፊሪቲክ እንለዋለን፣ ትልልቆቹን ፌኖክሪስት።

ክሪስታል መሰራት አለመሰራቱን የሚወስነው የቅዝቃዜው ፍጥነት መሆኑን መጀመሪያ በሙከራ ያሳየው የኤድንብራው ጄምስ ሆል ነው፣ በ1798። ያኔ ሰዎች ባዛልት ከእሳት መጣ ወይስ ከውሃ እያሉ ይጣሉ ነበር፣ ከውሃ ነው የሚሉት ዋናው ማስረጃቸው "ድንጋይ አቅልጠህ ብታቀዘቅዘው መስታወት ነው የሚሆነው እንጂ ክሪስታል አይሆንም" የሚል ነበር። ሆል ግን አንድ የመስታወት ፋብሪካ ውስጥ በጣም ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ጠርሙስ መስታወት መልኩን ቀይሮ ድንጋይ መምሰሉን አየ። የአገሩን ጥቁር ድንጋይ ምድጃ ውስጥ አቀለጠና ቶሎ ሲያቀዘቅዘው መስታወት ሆነ፣ ያንኑ መስታወት መልሶ አቅልጦ ቀስ ብሎ ሲያቀዘቅዘው ክሪስታል ያለው ድንጋይ ሆኖ ወጣለት። አንድ አይነት ድንጋይ፣ አንድ አይነት ምድጃ፣ ልዩነቱ ፍጥነቱ ብቻ። እኔ ከሙያችን ታሪክ ሁሉ በጣም የምወደው ሙከራ ይሄ ነው፣ ቀላል ነው ግን ክርክሩን ክፉኛ ነቀነቀው።

ወደ ባልጩት ልምጣ። ብዙ ሰው ባልጩት ክሪስታል የሌለው በጣም ቶሎ ስለቀዘቀዘ ነው ብሎ ይተወዋል፣ ይሄ ግማሽ መልስ ነው። ኤርታሌ ላይ የሚፈሰው ባዛልት ላቫ ከላይ አየር ሲነካው ወዲያው ይቀዘቅዛል ግን መስታወት የሚሆነው ላዩ ላይ ያለው ስስ ቆዳ ብቻ ነው፣ ከስሩ ክሪስታል ይሰራል። ባልጩት ግን ሜትሮች ውፍረት ኖሮትም ንጹህ መስታወት ሆኖ ይገኛል፣ ያን ያህል ውፍረት ያለው ነገር ደግሞ ከላይ እንዳሰላነው በሰከንድ አይቀዘቅዝም። ልዩነቱ ኬሚስትሪው ነው። ባዛልት ግማሽ ያህሉ ሲሊካ (የሲሊከንና የኦክስጅን ውህድ) ነው፣ ከ1,100 እስከ 1,200 ዲግሪ ሆኖ ይወጣል፣ ቀጭን ነው፣ አተሞቹ እንደልብ ይንቀሳቀሳሉ። ባልጩት የሚሰራው ሪዮላይት ከሚባለው ማግማ ነው፣ ሲሊካው ከ70 ፐርሰንት በላይ ነው፣ ሙቀቱ ከ700 እስከ 900 ዲግሪ ነው፣ ሲሊከንና ኦክስጅኑ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ረጃጅም ሰንሰለትና መረብ ስለሚሰሩ ፈሳሹ ከባዛልቱ በሚሊዮን እጥፍና ከዛም በላይ የወፈረ ይሆናል። ውስጡ የነበረው ውሃ በእንፋሎት ሲወጣ ደግሞ ይብሱን ይወፍራል። እንዲህ ያለ ፈሳሽ ውስጥ አተም ቦታው እስኪደርስ ድንጋዩ ይጠነክርበታል። ፍጥነቱ ግን ከጨዋታው አልወጣም፣ ወፍራም የሪዮላይት ፍሰት ካያችሁ ባልጩቱ ዳር ዳሩን ነው ያለው፣ መሀሉ አብዛኛውን ጊዜ በደቃቅ ክሪስታል ተሞልቶ ግራጫ ወይ ሮዝ ድንጋይ ሆኗል።

ለዚህ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ መልካ ቁንጡሬ አጠገብ ያለችው ባልጪት አለችላችሁ፣ ተማሪ ይዞ መሄድ ለሚችል ከዛ የተሻለ ቦታ የለም። እዛ ያለው ባልጩት ከ4 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፣ የጥንት ሰዎች ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ከዛ አካባቢ ባልጩት እየወሰዱ መሳሪያ ይሰሩ ነበር፣ በ2024 ዩኔስኮ መልካ ቁንጡሬና ባልጪትን የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቧቸዋል። ስለቱ እንደዛ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ ክሪስታል ያለው ድንጋይ ሲሰበር ስንጥቁ በየቅንጣቱ ጠርዝ እየተጣመመ ይሄዳል፣ ባልጩት ውስጥ ግን የሚያጣምመው ነገር ስለሌለ ጠርዙ ምላጭ ይሆናል። መስታወት ደግሞ ለዘላለም መስታወት ሆኖ አይቀርም፣ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ክሪስታል ይቀየራል፣ አንዳንዱ ባልጩት ላይ የሚታዩት የበረዶ ብናኝ የሚመስሉ ነጫጭ ነጠብጣቦችም መስታወቱ ወደ ክሪስታል የተቀየረባቸው ቦታዎች ናቸው። በጣም ያረጀ ባልጩት በዓለም ላይ የማይገኘውም በአብዛኛው በዚህ የተነሳ ነው።

አሁን መጽሐፎች የማይነግሯችሁ አንድ ነገር ልጨምር፣ ማግማ ሳይቀዘቅዝም ክሪስታል ሊሰራ ይችላል። ማግማ ውስጥ የሟሟ ውሃ የመጠንከሪያውን ሙቀት ዝቅ ያደርገዋል። ማግማው ወደ ላይ ሲወጣ ጫናው ስለሚቀንስ ውሃው አረፋ ሆኖ ይለቀዋል፣ ውሃው ሲለቀው የመጠንከሪያው ሙቀት ወደ ላይ ይዘላል፣ ስለዚህ ማግማው አንድ ዲግሪ ሳይቀንስ በድንገት "ቀዝቃዛ" ሆኖ ራሱን ያገኘዋል። አሜሪካ ውስጥ ሴንት ሄለንስ ተራራ በ1980 ከፈነዳ በኋላ በወጡት ድንጋዮች ላይ ይሄ በደንብ ተጠንቷል፣ እዛ ያሉት በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ ደቃቅ ክሪስታሎች ብዙዎቹ የመጡት ከጫና መቀነስ ነው፣ እንዲያውም ክሪስታል ሲሰራ ሙቀት ስለሚለቅ ማግማው ትንሽ ሞቋል። በልጁ ድንጋይ ላይም ጥቁሩ ደቃቅ ክፍል ሁሉ አየር ላይ ተሰራ ብለን አንደመድምም፣ ከፊሉ በመንገድ ላይ እያለ ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

ሌላው "ትልቅ ክሪስታል ካየህ ብዙ ጊዜ ፈጅቷል" የሚለውን ጉዳይ የሚያፈርሰው ፔግማታይት የሚባለው በጣም ትልልቅ ክሪስታል ያለው ድንጋይ ነው። ጉጂ ውስጥ ቀንጢቻ የታንታለም ማዕድን ያለበት ፔግማታይት አለን፣ ሊቲየም የያዘው ስፖዱሚንም እዛው ነው። ፔግማታይት ውስጥ ክሪስታሎች በሴንቲ ሜትር ሳይሆን በሜትር ሊለኩ ይችላሉ፣ አሜሪካ ደቡብ ዳኮታ ኤታ በሚባል ማዕድን ማውጫ 14 ሜትር የሚረዝም ስፖዱሚን ወጥቷል። ሰው ይሄንን ሲሰማ ሚሊዮን ዓመት የፈጀ ይመስለዋል። ግን ብዙ ፔግማታይቶች ጥቂት ሜትር ስፋት ያላቸው፣ ቀዝቀዝ ያለ አለት ውስጥ የተሰነቀሩ ስስ አካላት ናቸው፣ የሙቀት ስሌቱን ስንሰራላቸው በወራት ወይ በጥቂት ዓመታት ይቀዘቅዛሉ። ታዲያ እንዴት? ከግራናይት ማግማ መጨረሻ የሚተርፈው ፈሳሽ ውሃ፣ ቦሮን፣ ፍሎሪን፣ ሊቲየም፣ ፎስፈረስ የበዛበት ነው፣ እነዚህ የሲሊካውን መረብ ይበጣጥሱታል፣ ፈሳሹ ቀጭን ይሆናል፣ አተም ሩቅ ይጓዛል፣ ዘር መፈጠሩ ግን ይዘገያል። ጥቂት ዘር ከብዙ ምግብ ጋር ማለት ነው፣ ያው ከላይ ያልነው። ፍጥነቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዛው ፔግማታይቱ ጎን ተጣብቆ የሚገኘው አፕላይት የተባለው ደቃቅ ነጭ ድንጋይ አብሮ መኖር አልነበረበትም።

ደቡብ አፍሪካ ባርበርተን አካባቢ የሚገኘው ኮማቲያይትም እንደዛው ነው። ከ3 ቢሊዮን ዓመት በላይ ያረጀ ላቫ ነው፣ ሲወጣ ሙቀቱ እስከ 1,600 ዲግሪ ይደርስ ነበር ተብሎ ይገመታል፣ መሬት ላይ ፈስሶ ቶሎ ነው የቀዘቀዘው፣ ሆኖም ውስጡ አስር አስር ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ እንደ ሳር ቅጠል የቀጠኑ ኦሊቪን የተባለው ማዕድን ክሪስታሎች አሉት። ስለዚህ መጠን ብቻ ሳይሆን ቅርጽም ይነበባል፦ ተረጋግቶ ያደገ ክሪስታል ድፍን፣ ጠርዙ የተስተካከለ ነው፤ ተቻኩሎ ያደገ ቀጭን፣ ቅርንጫፍ ያለው፣ መሀሉ ባዶ ወይም ጫፉ እንደ ወፍ ጭራ የተሰነጠቀ ይሆናል።

በሉ አሁን ወደ ልጁ ድንጋይ፣ የተባለው ማጣሪያ ይሄ ነው። የደጋው ባዛልታችን ላይ ሁለት አይነት ነጭ ነገር አለ፣ አንዱ ፌልድስፓር ሌላው ላቫው ከጠጠረ ከብዙ ጊዜ በኋላ የጋዝ አረፋ ቀዳዳ ውስጥ ውሃ ያስቀመጠው ዚዮላይት ወይም ካልሳይት፣ ጣርማበር አካባቢ ዚዮላይት በደንብ አለ። ድንጋዩን በመዶሻ ከፍለው አዲሱን ገጽ ፀሐይ ላይ ያዟዙሩት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር አይርሱ። ነጩ ነገር አራት ማዕዘን ወይም ረዘም ያለ ጣውላ ቅርጽ ካለው፣ በአንድ አቅጣጫ ሲዞር እንደ መስታወት ብልጭ የሚል ጠፍጣፋ ገጽ ካለው፣ በእጅ ሌንስ ሲታይ ገጹ ላይ ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ከታዩበትና በቢላ ጫፍ ካልተቧጠጠ ፕላጂዮክሌዝ ነው። ክብ ወይም እንቁላል መሳይ ከሆነ፣ ውስጡ ከዳር ወደ መሀል የሚሄዱ መርፌዎች ካሉት ወይም መሀሉ ክፍት ከሆነ፣ ቢላም ከቧጠጠው ዚዮላይት ነው። ኮምጣጤ ሲያንጠባጥቡበት አረፋ ካወጣ ካልሳይት ነው። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ከሆነ ስለ ማግማው ቅዝቃዜ ምንም አይነግረንም፣ ከላይ የሰራሁት የ300 ዓመት ሂሳብም አይመለከተውም። ፌልድስፓር ከሆነ ደግሞ ክሪስታሎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝተው እንደሆነ ይዩ፣ ከተኙ ላቫው ሲፈስ ያስተኛቸው ናቸው፣ ማለትም ላቫው ሲፈስ ቀድመው ነበሩ።

ክፍል ውስጥ ለማሳየት ኮፐር ሰልፌት ይበቃዎታል፣ አብዛኛው ትምህርት ቤት ላብ ውስጥ አለ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ከዚህ በላይ አልሟሟም እስኪል ይጨምሩና አጥልለው ለሦስት ብርጭቆ ይክፈሉት። አንዱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው ያማስሉት፣ ሁለተኛውን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው እስከ ነገ ይተዉት፣ ሦስተኛውን እንደዛው ጠቅልለው ክሪስታል ማየት እንደጀመሩ ገና ለብ እያለ አውጥተው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያስገቡት። የመጀመሪያው ሰማያዊ ዱቄት ይሆናል፣ ሁለተኛው ትልልቅ፣ ሦስተኛው ላይ ትልልቆቹ በዱቄት ተከበው ይወጣሉ። ሦስተኛውን ከማስገባትዎ በፊት ተማሪዎቹ ምን እንደሚሆን ደብተራቸው ላይ ይጻፉ። ኮፐር ሰልፌት መርዛማ ስለሆነ ጓንት ያስፈልጋል፣ የመጠጫ ብርጭቆም አይጠቀሙ፣ የተረፈውን ፍሳሽ ላይ ሳይደፉ አድርቀው ለሚቀጥለው ክፍል ያስቀምጡት።